«ዱን»ን በጣና ዳር ግቢ ውስጥ ማሳየት፦ ከአቡጀዴው እስከ አማርኛው ጽሑፍ

«ዱን»ን በስልክ ያየ ሰው ታሪኩን ሰምቶታል እንጂ ፊልሙን አላየውም። ዴኒ ቪልነቭ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ክፍል 6 ኦስካር ወስዷል፤ የቀረጻው፣ የድምፁ፣ የሙዚቃውና የእይታ ውጤቱ ሽልማቶች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አራቱም መዳፍ በምታክል ስክሪን ላይ የሚሞቱ ነገሮች ናቸው። በበረሃው ውስጥ የሚኖረው ግዙፍ የአሸዋ ትል ሲነሣ ልብ የሚደነግጠው ተመልካቹ ቀና ብሎ ሲያየው ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከ30 እስከ 40 ለሚሆኑ ወዳጆች፣ በባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ባለ ግቢ ውስጥ የሚዘጋጅ ምሽት ነው። ብዙ አዘጋጅ ገንዘቡንም ጭንቀቱንም ፕሮጀክተሩ ላይ ያፈሳል። ከመሥሪያ ቤት በውሰት የሚገኝ ተራ ፕሮጀክተር ይበቃል። ምሽቱን የሚያበላሹት የግቢ መብራትና ከምስሉ ግርጌ የሚወጣው የማይነበብ የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ስለሆኑ፣ ድካማችሁን እነሱ ላይ አውሉት።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። የተገዛ ዲስክ የተሸጠው ለቤት ነው። በትኬት ወይም ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። እዚህ የተጻፈው በስም ለተጠሩ ሰዎች፣ መግቢያ ለማይከፈልበት ምሽት ነው።

ቀኑና ቦታው

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያስተማምንም፤ በግንቦት ደግሞ ድንገተኛ ነፋስና ነጎድጓድ አለ። ፀሐይ በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ፣ በየካቲትና በመጋቢት 12 ተኩል አልፎ ትጠልቃለች። ከጠለቀች 45 ደቂቃ ሳይሞላ አትጀምሩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብዙ ክፍል ካላዳን በምትባለው ዝናባም ፕላኔት ላይ ስለሆነ ምስሉ ግራጫና ደብዛዛ ነው፤ የሰማዩ ቀሪ ብርሃን ጠርጎ ይወስደዋል።

ፊልሙ 155 ደቂቃ ነው። በኅዳር 12፡45 ጀምራችሁ የ15 ደቂቃ ዕረፍት ብትሰጡ ከምሽቱ 3፡35 ታበቃላችሁ። የእንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ ባለበት ወቅት ከገደቡ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ሰው ቤቱ የሚደርስበት ቢያንስ 45 ደቂቃ ይቀነስ። ባጃጆቹን በቀን ቀጥሩ፤ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ወጥቶ መጠበቅ ለእንግዳ አይሆንም። ሰዓቱ ካልበቃ ፊልሙን መሐሉ ላይ ከፍሎ ሁለት ምሽት ማድረግ ይሻላል፤ ወይም አጠር ያለ ምረጡ። ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው «አድ አስትራ» ጥሩ ምትክ ነው፤ አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ማርስ ላይ ተወልዳ የማርሱን ጣቢያ የምትመራ ሴት ሆና ትጫወትበታለች፤ ለኛ ተመልካች ደግሞ እሷን ማየት ራሱ ደስታ ነው። የ166 ደቂቃውን ሁለተኛውን «ዱን» ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ምሽት አታያይዙ።

ግቢው የታጠረ ይሁን። ደንገል ያለበት ክፍት ዳርቻ በቀን ያምራል፤ ሲመሽ ግን ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣበት ነው፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል። ጨለማ ውስጥ 40 ሰው ማስቀመጫ አይደለም። ቦታውን ስታዩ በቀን ብቻ አትዩ፤ ማታ ሄዳችሁ ጨርቁ የሚቆምበት ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ያዙ። በወረቀቱ ላይ የእጃችሁ ጥላ በግልጽ ከታየ የሆነ መብራት እየደረሰበት ነው። የግቢ መብራት ከሆነ ማጥፊያው ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ፤ የመንገድ መብራት ከሆነ ጨርቁን ጀርባውን እንዲሰጠው አዙሩ። ጨረቃን ብዙ አትፍሩ፤ ሙሉ ጨረቃ እንኳን በቅርብ ያለ አንድ አምፖል የሚያደርሰውን ጉዳት አታደርስም።

ባሕር ዳር በጣና ደቡብ ጫፍ ስለሆነች ሐይቁ በሰሜን ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከውሃው ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሲመሽ ይረግብና ቆይቶ ከየብስ ወደ ውሃው ይዞራል። ሁለቱም በሰሜንና በደቡብ መስመር ስለሚሄዱ ጨርቁ ጠርዙን ወደ ሐይቁ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቁም። ውሃው ከበስተኋላ ቢታይ ያምራል ብላችሁ ፊት ለፊት ካጋጠማችሁት ነፋሱን በሙሉ ደረቱ ይቀበላል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ሲሆን የምዕራቡ ሰማይ ቀሪ ብርሃንም አይመታውም።

ጨርቁና ቋሚዎቹ

በዲስክ የወጣው የፊልሙ ምስል 2.39 በ1 ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 2 ሜትር ከ39 ይሆናል ማለት ነው። ለቴሌቪዥን ቅርጽ የተሰፋ ጨርቅ ከላይና ከታች ጥቁር ቦታ ይተርፈዋል፤ በፕሮጀክተር ደግሞ ያ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ በፊልሙ ልክ አሰፉ። ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ነጭ አቡጀዴ ካገኛችሁ መጋጠሚያ ሳይኖረው በአግድሙ ይበቃል። 3 ሜትር ከ60 አስቆርጡ፤ ልብስ ሰፊው ከላይና ከታች 5፣ 5 ሴንቲ ሜትር አጥፎ ይስፋው። የሚቀረው ቁመት 1 ሜትር ከ40 ነው፤ ያ በ2.39 ሲባዛ የምስሉ ስፋት 3 ሜትር ከ35 ይሆናል። ጎንና ጎን የተረፈው ለእጥፋት ነው። ወርዱ ጠባብ ሆኖ ሁለት ማጋጠም ግድ ከሆነ ስፌቱ አግድም ሆኖ ወደ ታችኛው ሩብ ይውረድ፤ መሐል ላይ ከዋለ የተዋናዮቹን ዓይን ይቆርጣል።

አዲስ አቡጀዴ ሙጫ ስላለው ያብለጨልጫል፣ እጥፋቱም አይለቅም። አጥባችሁ እርጥብ እያለ ተኩሱት። ነጠላው ብቻውን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከኋላው ሌላ አቡጀዴ፣ ከሱ በስተኋላ ጥቁር ጨርቅ ድረቡ። ጥቁሩን በአራቱም ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስወጥታችሁ እንደ ክፈፍ አድርጉት፤ ከምስሉ የሚያመልጠውን ብርሃን ይውጣል፤ ምስሉም ወዲያው የጠራ ይመስላል።

ለማቆሚያው አራት የባሕር ዛፍ አጣና፣ እያንዳንዱ 4 ሜትር፣ ይበቃል። ሁለቱን ቋሚዎች 70 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ በድንጋይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ትከሉ፤ በመካከላቸው 3 ሜትር ከ80 ይኑር። ሁለቱ አግዳሚዎች ከላይና ከታች ይታሰራሉ። የጨርቁ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 1 ሜትር ከ40 ይሁን፤ ከዚያ ዝቅ ካለ የኋላው ሰው የፊተኛውን ማጅራት ሲያይ ያመሻል። ከየቋሚው ጫፍ ሁለት ሁለት ገመድ ወደፊትና ወደኋላ ጎትታችሁ በካስማ ወጥሩ።

ጨርቁን በሲባጎ አጥብቆ ማሰር የተለመደ ስሕተት ነው። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ሲሆን ይህን የሚያክል ጨርቅ ከ25 እስከ 30 ኪሎ በሚመዝን ኃይል ይገፋዋል፤ ሲባጎ ስለማይለጠጥ ያ ጉልበት በሙሉ ስፌቱ ላይ ያርፍና ይተረትረዋል። የባጃጅ ከመነዳሪ በ2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆራርጣችሁ በዚያ እሰሩ። ጎማው ንፋሱን ተቀብሎ ይለጠጥና መልሶ ጨርቁን ይወጥረዋል። ለማሰሪያ ጨርቁን መብሳት አያስፈልግም፦ ጥፍር የምታክል ድቡልቡል ጠጠር ከእጥፋቱ በስተኋላ አድርጋችሁ ጨርቁን በላይዋ ጠቅልሉ፣ ከሥሯ በጎማው ሸምቅቁ፣ ሌላውን ጫፍ ወደ አጣናው ውሰዱ። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ፣ በጠቅላላው 32 ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን፣ ቀጥሎ የየጎኑን መሐል፣ ከዚያ የቀረውን እየተቃረናችሁ እሰሩ፤ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ከዞራችሁ ሰያፍ መጨማደድ ይመጣል፤ ያ መጨማደድ ደግሞ የበረሃው ሰማይ ላይ እንደ ስንጥቅ ይታያል።

ፕሮጀክተሩ

የብርሃኑ መጠን ከ3000 ሉመን ያላነሰ ይሁን። የመሥሪያ ቤት ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ 4 በ3 ቅርጽ ነው፤ በዚያ ላይ ይህን ሰፊ ፊልም ስታሳዩ 44 ከመቶ የሚሆነው ብርሃን ከላይና ከታች በሚቀረው ጥቁር ቦታ ይባክናል። በጨለማ ግቢ ውስጥ የቀረው ይበቃል፤ መብራት ባለበት ግን አይበቃም። 16 በ10 ወይም 16 በ9 ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።

አብዛኞቹ የምስሉን ስፋት 1.5 እጥፍ ያህል ርቀት ይፈልጋሉ፤ ለ3 ሜትር ከ35 ማለት 5 ሜትር ነው። ከፍታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እነዚህ ፕሮጀክተሮች ምስሉን ከሌንሳቸው ወደ ላይ ነው የሚወረውሩት። በ4 በ3 ፕሮጀክተር ላይ ከፊልሙ በታች 55 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ስላለ፣ ጨርቁ ከ1 ሜትር ከ40 ሲጀምር ሌንሱ 85 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆን አለበት፤ ተራ ጠረጴዛ ከነትንሽ ሳንቃው ማለት ነው። ማዛመጃውን፣ «ኪስቶን» የሚባለውን፣ ዜሮ ላይ ተዉት። እሱ ምስሉን በኮምፒውተር አጣሞ ስለሚያስተካክል ቀጫጭን የፊደል ቅርንጫፎችን ያደበዝዛል፤ ጭ እና ጬ አይለዩም። ጠረጴዛውን አንቀሳቅሱ እንጂ ምስሉን አታጣምሙ።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ናት። አየሩ ሲሳሳ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ የሚያመጣው ቅዝቃዜ ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ብዙ ፕሮጀክተር ከአንድ ሰዓት በኋላ በራሱ ጊዜ የሚጠፋው፤ ተበላሸ ተብሎም ወደ ጠጋኝ ይላካል። በሜኑው ውስጥ «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚል ምርጫ አለ፤ በብዙዎቹ ከ1500 ሜትር በላይ እንዲበራ ነው የተሠራው። አብሩት። ድምፁ ይጨምራል፤ ውጭ ስለሆናችሁ አይረብሽም። የአየር ማጣሪያውንም በዚያው ቀን አራግፉ።

ሁለተኛው ጠላት የሐይቁ ትንኝ ነው። ወደ ብርሃኑ ይጎርፋል፣ በጨረሩ ውስጥ እንደ ብልጭታ ይታያል፣ በማራገቢያው ተስቦም ማጣሪያውን ይደፍናል። በማጣሪያው ላይ ጨርቅ ማሰር አየሩን ስለሚዘጋ አይሆንም። አጎበር ውሰዱና በአራት ዱላ ዙሪያውን እንደ ድንኳን አቁሙ፤ ከፕሮጀክተሩ በሁሉም ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሌንሱ ፊት ብቻ ክፍት ይሁን። ከዚያ ከተመልካቹ 25 ሜትር ያህል ርቆ፣ በሐይቁ ወገን፣ ከጨርቁ ጀርባ አንድ ደማቅ ነጭ አምፖል አብሩ፤ ትንኙ ወደሱ ይሄዳል። ብርሃኑ ግን ወደ ጨርቁ እንዳይመለስ በቆርቆሮ ከልሉት። የመተላለፊያው መብራት ቢጫ ይሁን። ወባ ያለበት አገር ስለሆነ እንግዶቹ እጅጌ ረጅም ልብስ ለብሰው፣ የሚቀባ መከላከያ ይዘው እንዲመጡ በጥሪው ላይ ጻፉ።

ፋይሉ 1080 የሆነውና ኤችዲአር (ለአዳዲስ ቴሌቪዥኖች የሚዘጋጅ ደማቅ ምስል) ያልሆነው ይሁን። የኤችዲአር ፋይል ተራ ፕሮጀክተር ላይ ቀለሙ ታጥቦ ነው የሚወጣው፤ ያ ሁሉ ፊልሙ የተቀረጸበት የዮርዳኖሱ በረሃ፣ የዋዲ ረም፣ ቀይ ድንጋይ አመድ ይመስላል። በኢንተርኔት አትመኩ፤ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጥ። በፍላሽ የምታመላልሱ ከሆነ ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ ኤክስፋት ቀይሩት።

ኤሌክትሪክ

ፕሮጀክተሩ 300 ዋት፣ ላፕቶፑ 65፣ ስፒከሮቹ ከ200 እስከ 300 ዋት ቢወስዱ በጠቅላላው ከ700 ዋት አይበልጥም። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጎዳው የፕሮጀክተሩ አምፖል ነው፤ ማራገቢያው ሳይዞር በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ስለዚህ ቢያንስ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ ለፕሮጀክተሩና ለላፕቶፑ ብቻ ስጡ፤ ስፒከሮቹን አታስገቡበት። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያሉትን ደቂቃዎች ይሸፍናል። ጄኔሬተሩ በሐይቁ ወገን ጥግ፣ ከሰው 30 ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ የምሽቱ ነፋስ ጭሱን ወደ ውሃው ይወስደዋል። ነዳጁን ከመጀመሩ በፊት ሙሉት፤ ትኩስ ሞተር ላይ አትቅዱ። የማራዘሚያው ገመድ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን፤ ጥቅሉም እስከ መጨረሻው ይፈታ፤ ተጠቅልሎ ጭነት የተሸከመ ገመድ ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል።

ድምፁ

ሁለት ስፒከር፣ ከጨርቁ ግራና ቀኝ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ብሎ። ባስ ካለ መሬት ላይ ፊት ለፊት። ውጭ ግድግዳ ስለሌለ ወፍራሙ ድምፅ ይበተናል፤ ለማካካስ ባሱን መጨመር ትንንሽ ስፒከር ያሰነጥቃል። ብሉቱዝ አትጠቀሙ፤ ድምፁ ከከንፈሩ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚህ ፊልም ላይ ብዙ የሚያጋጥመው ችግር ሙዚቃው እየጮኸ ንግግሩ የማይሰማበት ነው። ንግግሩ በባለ 6 ቻናሉ ድምፅ ውስጥ በመሐለኛው ቻናል ስለሚቀመጥ፣ ሁለት ስፒከር ብቻ ባለበት አንዳንዴ ይጠፋል። የስቴሪዮውን ድምፅ ምረጡ፤ ከሌለ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ የድምፅ ምርጫ ውስጥ ወደ ስቴሪዮ ቀይሩ፤ ሁለት ሰው ዝግ ብሎ የሚያወራበትን ቦታ ከኋላው ረድፍ ተቀምጣችሁ ሞክሩ። ድምፁን በሱ ለኩ፤ ትሉ የሚወጣበት ላይ ከለካችሁት ንግግሩን ታጣላችሁ።

የአማርኛው ጽሑፍ

ይሄ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሌላው ሁሉ ሁለት ቀን ነው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከነሰዓቱ የያዘውን ኤስአርቲ ፋይል «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና መስመር በመስመር ተኩ፤ ሰዓቱ ተዘጋጅቶ ይመጣላችኋል። መጀመሪያ ግን ከፋይላችሁ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ፍሬም ሬቱ፣ በሰከንድ የሚያልፈው የምስል ብዛት፣ ይለያያል፤ በ25 እና በ23.976 መካከል ያለው ልዩነት በ155 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ይደርሳል። ፕሮግራሙ ፍሬም ሬት የሚቀይርበት ምርጫ አለው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የሚዘገይ ከሆነ ግን ቀላል ነው፤ ቪኤልሲ ላይ «ጂ» ቁልፍ ጽሑፉን ወደፊት ያመጣል፣ «ኤች» ያዘገየዋል፣ ቁልፉ አንድ ጊዜ በተጫነ ቁጥር 50 ሚሊ ሰከንድ።

ፋይሉ ሲቀመጥ በዩኒኮዱ ዩቲኤፍ-8 ይሁን። በቆየ የፓወር ግዕዝ ፊደል የተተየበ ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ የላቲን ኮተት ሆኖ ይወጣል። የፕሮጀክተሩ የራሱ ማጫወቻ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ባዶ ሣጥን ያሳያል፤ ስለዚህ ከላፕቶፕ አጫውቱ፣ ፊደሉንም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በደማቁ አድርጉ። ቀለሙ ነጭ፣ ዙሪያው ወፍራም ጥቁር። ቢጫ ይታያል የሚባለው ለሌላ ፊልም ነው፤ እዚህ ግማሹ ፊልም አሸዋ ስለሆነ ቢጫው ይሰምጣል። በጨርቁ ላይ የአንድ ፊደል ቁመት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 12 ሜትር ላይ ያለ ሰው ያነበዋል።

ጨርቁን በፊልሙ ልክ ስላሰፋችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ማጫወቻው ጽሑፉን ከምስሉ በታች ባለው ጥቁር ቦታ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ያ ቦታ ደግሞ ከጨርቁ ውጭ ነው፤ አማርኛው አየር ላይ ይቀራል። በቪኤልሲ የጽሑፍ ምርጫ ውስጥ ቦታውን ወደ ላይ ማንሣት ይቻላል፤ ከሁሉ የሚታመነው ግን «ሀንድብሬክ» በሚባለው ፕሮግራም ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው። ሙሉውን ከማተማችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ብቻ አትማችሁ ሞክሩ። የበረሃው ሕዝብ ፍሬመኖች ቋንቋቸውን ቻኮብሳን ሲናገሩና የዋናው ባለታሪክ የፖል ቤተ ሰብ፣ የአትሬይደስ ቤት፣ ሰዎች በእጅ ምልክት ሲነጋገሩ ፊልሙ ራሱ እንግሊዝኛ ይጽፋል፤ በነዚያ መስመሮች ላይ አማርኛውን ወደ ላይኛው ጠርዝ አውጡት፣ አለዚያ ሁለቱ ይደራረባሉ።

በአንድ መስመር ከ30 ፊደል፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አትለፉ፤ ለአንድ ሰከንድ 10 ፊደል ያህል አስቡ። የማይበቃ ከሆነ ቃል ቀንሱ። «ወደዚያ መሄድ ያለብን አይመስለኝም» ከማለት «ባንሄድ ይሻላል» ይበቃል፤ የአማርኛ ግስ ብዙ ስለሚሸከም ተጠቀሙበት።

ከባዱ ሥራ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያልፋል፤ አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እናንተ ሳይለይ ግሱን መዝጋት አይችልም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ማን ማንን ምን እንደሚለው በሠንጠረዥ ጻፉ፤ ሦስት ተርጓሚ ተከፋፍሎ ሲሠራ አንዱ ፖልን እናቱን ጄሲካን አንቺ ሲያሰኘው ሌላው አንቱ ያሰኘዋል። የፖልን አባት ዱክ ሌቶን መስፍን ብላችሁ ጥሩት፣ አገልጋዮቹና ጦረኞቹ ጌታዬ፣ አንቱ ይበሉት። ፖል አባቱን በሰው ፊት አንቱ ይለዋል፤ ካላዳን ላይ በመቃብሩ ስፍራ ሁለቱ ብቻቸውን ሲነጋገሩ ወደ አንተ ብታወርዱት የአባትና የልጅ ፍቅሩ ያለ ተጨማሪ ቃል ይገባል። ጄሲካን አንቺ፤ እጁን ሣጥን ውስጥ አስከትታ የምትፈትነውን አሮጊት ግን አንቱ፤ እሷ አንተ ትበለው።

የፍሬመኑን መሪ የስቲልጋርን ነገር አስቡበት። ወደ መስፍኑ አዳራሽ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ይተፋል፤ ጦረኞቹ ስድብ መስሏቸው ይነሣሉ፤ በበረሃው ልማድ ግን የሰውነቱን ውሃ መስጠቱ ክብር ነው። እዚህ ላይ ስቲልጋር መስፍኑን አንተ ይበለው። የኛ ተመልካች እንደ ጦረኞቹ ቅር ይለዋል፤ ከዚያ ከነሱ ጋር ይረዳል። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ይኸው ስቲልጋር ፖልን አንተ እያለ ቆይቶ፣ በትንቢቱ ሲያምን ወደ አንቱ ይሻገር። ፖል የሚወዳት ፍሬመኗ ቻኒ ግን እስከ መጨረሻው አንተ ትበለው። እንግሊዝኛው በሁለት ሰዓት ተኩል የሚነግረውን ለውጥ አማርኛው በአንድ ፊደል ያሳየዋል፤ ይህን ዕድል ማባከን ያሳዝናል።

የአክብሮቱ ግስ ከብዙ ቁጥር ጋር እንደሚመሳሰል ደግሞ አትርሱ። «አዩት?» የሚል ብቻውን የቆመ መስመር «እነሱ አዩት?» ተብሎም ይነበባል፤ «ጌታዬ፣ አዩት?» በሉት። ንጉሠ ነገሥት፣ መስፍን የሚሉት ቃላት ለኛ ሕያው ስለሆኑ ተጠቀሙባቸው። በበረሃው ፕላኔት የሚገኘውን ውድ ነገር፣ ስፓይስን፣ ቅመም በሉትና ሁልጊዜ «ቅመሙ» ብላችሁ ጻፉት፤ ያኔ ከወጥ ቅመም ይለያል። ፍሬመኖቹ ፖልን የሚጠሩባቸው ማህዲና ሊሳን አል-ጋይብ እንዳሉ ይቀመጡ፤ መሲሕ ብሎ መተርጎም ደራሲው ፍራንክ ኸርበርት ከዐረብኛ የወሰደውን ቀለም ያጠፋዋል።

ሲያልቅ ፊልሙን ያላየ ሰው አስቀምጡና ድምፁን ዘግታችሁ አስነብቡት። የት ቦታ «ማን ነው የተናገረው?» እንዳለ ጻፉ።

ምሽቱ

መቀመጫው ከጨርቁ 4 ሜትር ይጀምር፤ የፊቱ ረድፍ ሰሌን ላይ፣ ቀጣዩ በርጩማ፣ የኋላው ወንበር። ከፕሮጀክተሩ ፊት ያለው መስመር ክፍት ይተው። ኅዳርና ታኅሣሥ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከውሃው አጠገብ ይበርዳል፤ ጋቢ ይምጣ። ነጠላ እስከ ዓይን የተከናነበ ሰው የበረሃውን ሰው ስለሚመስል ለፎቶ ይሆናል፤ የፍሬመኖቹን ሰማያዊ ዓይን ለመምሰል ግን ከገበያ የሚገዛ ባለቀለም ሌንስ ዓይን ውስጥ አታስገቡ፣ በዓይን ዙሪያ ሰማያዊ ኩል መቀባት ይበቃል። ፈንዲሻና ቆሎ በሰሐን ይቅረብ፤ የፌስታል ኮሽታ ጸጥ ባሉት ቦታዎች ጎልቶ ይሰማል።

ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ሦስት ነገር ብቻ ተናገሩ፦ ቅመሙ ያለበት ፕላኔት ከሃርኮነን ቤት ተነጥቆ ለአትሬይደስ ቤት እንደተሰጠ፣ በዚያ ውሃ ከወርቅ እንደሚበልጥ፣ ፖል የሚያልማቸው ነገሮች ገና ያልሆኑ እንደሆኑ። ቻኒን ለምትጫወተው ለዘንዳያ ብለው የመጡ ብዙ ይኖራሉ፤ በዚህ ክፍል መግቢያውን ትተርካለች፣ በፖል ሕልም ውስጥ ብልጭ ትላለች፣ በሥጋ የምትገኘው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው እሷን እየጠበቁ ሬቤካ ፈርጉሰን የጄሲካን ፍርሃት በፊቷ ብቻ እንዴት እንደምታሳይ ያመልጣቸዋል። ለሁለተኛው ክፍል እንደሚካሱ ንገሯቸው፤ እዚያ ቻኒ ከፖል እኩል ናት፤ ኦስቲን በትለርና ፍሎረንስ ፒውም ይጨመራሉ። የቤቶቹን ስምና የተዋናዮቹን ስም በአማርኛ ጽፋችሁ በአንድ ወረቀት ብታድሉ በጨለማው ውስጥ «ይሄ ማነው?» የሚለው ሹክሹክታ ይቀንሳል።

ዕረፍቱ በበረሃው ፕላኔት ባለችው በአራኪን ከተማ ሌሊት ጥቃቱ ከመጀመሩ በፊት ይሁን፤ ወደ አጋማሹ ነው። ከዚያ በኋላ መቁረጫ የለም። በዕረፍቱ ፕሮጀክተሩን አታጥፉ፤ ምስሉን ብቻ በጥቁር ሸፍኑ፤ አምፖሉ ጠፍቶ ወዲያው ቢበራ ዕድሜው ያጥራል።

ሲያልቅ ፕሮጀክተሩን በራሱ ማጥፊያ አጥፍታችሁ ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ገመዱን ንቀሉ። ከሐይቁ ዳር ሲመሽ ጤዛ ይወርዳል፤ ላፕቶፑና ሚክሰሩ ላይ ወዲያው ፎጣ ጣል አድርጉ። ጨርቁ እንደረጠበ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ከታጠፈ ደግሞ መስመር ያወጣል። በማግስቱ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ በአንዱ አጣና ላይ ጠቅልሉት፤ ነጩ ፊት ወደ ውስጥ ይሁን፤ የከመነዳሪዎቹንና የጠጠሮቹን ከረጢት ከዚያው ጋር እሰሩት፣ ለሁለተኛው ክፍል ትፈልጓቸዋላችሁ።